ሕፃን ሲተኛ ልቡንና ትንፋሹን የሚጠብቀው ማን ነው?

(የቢቸናና የሞጣ አባሎቻችን ቢቸና ላይ በጋራ ባደረጉት ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



የዛሬ ርእሴን ስነግራችሁ እንዳትስቁብኝ። የምናገረው ስለ አንጎል ነው። እስከ ዛሬ እዚህ ቆመን የተነጋገርነው ስለ ቁጠባ፣ ስለ ብድርና ስለ ዶሮ እርባታ ስለሆነ፣ «ይህ የሐኪሞች ወሬ ለእኛ ምን ይፈይድልናል?» የምትል አትጠፋም። ነገሩ ግን ከሐኪም ቤት አልመጣም፤ የመጣው ከገዛ ቤታችን ነው። ስለዚህ ከአክስቴ ልጀምር።

አክስቴ ከሞጣ ወጣ ብሎ ካለ መንደር ነበር የምትኖረው። ሁለተኛ ልጇ ሴት ነበረችና በ80 ቀኗ ክርስትና ተነሣች። ከጥቂት ቀን በኋላ፣ አንድ ሌሊት ጡት አጥብታ ከጎኗ አስተኛቻት። ጎሕ ሲቀድ ልጅቱ ቀዝቅዛ ተገኘች። ትኩሳት አልነበራትም፣ ሳል አልነበራትም፤ ማታ እንዲያውም ስትስቅ ነበር ያመሸችው። ለቅሶው ሳይበቃ ወሬው ተከተለ። ገሚሱ «ተጫነቻት» አለ፤ ገሚሱ «ዓይን ነው» አለ። አክስቴ ንስሐ ገባች፣ ጾመች፣ ሰገደች። ከዚያ በኋላ የወለደቻቸውን ልጆች ሌሊቱን ቁጭ ብላ ስትጠብቅ ነው ያሳደገቻቸው። እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ «ልጄን የገደልሁ እኔ ነኝ» ትል ነበር። እኔ ያን ጊዜ ገና የአሥር ዓመት ልጅ ነበርሁ። በኋላ ነርስ ሆኜ ስለ አንጎልና ስለ ትንፋሽ ስማር ግን፣ በአእምሮዬ የሚመላለሰው ያ ሌሊት ነበር።

እስኪ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ማታ ስትተኙ ልባችሁን «ምታ»፣ ሳንባችሁን «ተንፍስ» እያለ የሚያዝዘው ማን ነው? እናንተ አይደላችሁም። አዲስ የተወለደ ሕፃን በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ልቡ በደቂቃ ከ120 እስከ 160 ጊዜ ይመታል። ይህን ሁሉ ያለማንም ትእዛዝ የሚያካሂደው ራስ ገዝ የነርቭ ሥርዓት ይባላል። እኛ ራስ አገዝ ማኅበር ነን፤ በውስጣችን ደግሞ ሳናዝዘው የሚሠራ ራስ ገዝ አለ። ዋናው መቀመጫው ከማጅራታችን ከፍ ብሎ፣ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ያን ቦታ የአንጎል ግንድ እንለዋለን።

በዚህ ግንድ መካከል ሴሮቶኒን የሚባል ቅመም የሚሠሩ ሕዋሳት ተሰልፈው ይገኛሉ። ሴሮቶኒንን እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካ ውስጥ፣ ክሊቭላንድ ላይ፣ ሞሪስ ራፖርትና ባልደረቦቹ ከደም ለይተው አወጡት። የደም ሥርን የሚያጠብ ነገር ብቻ መስሏቸው ነበር። በአንጎል ውስጥም መኖሩን እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳየችው ቤቲ ትዋሮግ የምትባል ወጣት ሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ አኒካ ዳልስትሮም የምትባል ሌላ ሴት ከባልደረባዋ ከሼል ፉክስ ጋር ሆና፣ ስዊድን ውስጥ፣ ሕዋሳቱ በአንጎል ግንድ ላይ የት የት እንደሚገኙ ለይታ አሳየች። ሁለቱም ሴቶች መሆናቸውን ያነሣሁት፣ ሴት ልጆቻችን ትምህርት ቤት ሲሄዱ ይህንንም እንዲሰሙት ብዬ ነው።

ከሰውነታችን ሴሮቶኒን አብዛኛው የሚገኘው በአንጀት ነው። ያ ግን ወደ አንጎል አያልፍም፤ በደምና በአንጎል መካከል አጥር አለ። ስለዚህ «ሙዝ ሴሮቶኒን አለው፣ ብዙ ብሉ» የሚላችሁ ሰው ቢመጣ፣ ሙዙን ብሉለት፣ ምክሩን ግን ተዉት። አንጎል የሚያስፈልገውን ራሱ ይሠራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሴሮቶኒን አንድ ሆኖ ሳለ ሥራው ብዙ ነው። ይህ እንዴት ይሆናል? የእድራችንን ጥሩምባ አስቡት። ጥሩምባ ነፊው አንድ ነው፣ ድምፁም አንድ ነው። የሰማው ሰው ሁሉ ግን አንድ ሥራ አይሠራም። አንዱ ድንኳን ይተክላል፣ አንዷ ውኃ ትቀዳለች፣ አንዷ እንጀራ ትጋግራለች፣ ሌላው ለዘመድ መርዶ ሊነግር ይሄዳል። ሥራውን የሚለየው የሰሚው ድርሻ ነው። ሴሮቶኒን ጥሩምባው ነው። ጥሩምባውን የሚሰሙት ጆሮዎች ደግሞ በሕዋሳት ላይ የተተከሉ «ተቀባዮች» ናቸው። እስከ አሁን 14 ዓይነት ተቀባዮች ታውቀዋል፤ በቁጥርና በፊደል ይጠራሉ።

አራቱን ብቻ ላንሣ። «አንድ ኤ» የሚባለው ተቀባይ ጥሩምባ ነፊዎቹ ሕዋሳት ራሳቸው ላይ አለ። የገዛ ድምፃቸውን ሰምተው «ይበቃል» እንዲሉ ያደርጋል፤ ልጓም ነው ማለት ነው። ይኸው ተቀባይ ቬገስ የሚባለው ነርቭ በሚነሣበት ቦታም አለ፤ ቬገስ የልብን ምት የሚያዘገይ ነርቭ ነው። እዚያ ሲነካ ልብ ረጋ ይላል። «ሁለት ኤ» የሚባለው ደግሞ የሚቀሰቅስ ነው፤ የትንፋሽን ጡንቻ ያበረታል፣ የተኛውን ያነቃል። «አራት» የተባለው የትንፋሽ ምት እንዳይቆራረጥ ይረዳል። «ሦስት» የተባለው በልብና በጨጓራ ባሉ የቬገስ ጫፎች ላይ ይገኛል፤ ሲነካ ያቅለሸልሻል፣ ያስመልሳል፣ ልብንም በድንገት ሊያዘገይ ይችላል። ከመካከላችን በኦፕራሲዮን የወለዳችሁ፣ ወገባችሁን ከተወጋችሁ በኋላ ሰውነታችሁ ዝል ብሎ ዓይናችሁ የጨለመባችሁ ትኖራላችሁ። ለማስመለስ የሚሰጠው ኦንዳንሴትሮን የሚባል መድኃኒት «ሦስት»ን ነው የሚዘጋው፤ አንዳንድ ባለሙያዎች ወገብ ከመወጋቱ በፊት የሚሰጡት የደም ግፊት ብዙ እንዳይወርድ ብለው ነው።

ስለዚህ «ሴሮቶኒን ልብን ያፈጥናል ወይስ ያዘገያል?» ብሎ መጠየቅ፣ «ጥሩምባ ድንኳን ይተክላል ወይስ ውኃ ይቀዳል?» ብሎ እንደመጠየቅ ነው። መልሱ ያለው በሰሚው ዘንድ ነው።

ይህን ይዘን ወደ ሕፃኑ እንመለስ። ሕፃን በሆዱ ተደፍቶ ወይም ፊቱ በጋቢ ተሸፍኖ ሲተኛ፣ ያወጣው የተቃጠለ አየር እዚያው አፍንጫው ሥር ይጠራቀማል። ያንኑ መልሶ ይስበዋል። በደሙ ውስጥ የተቃጠለ አየር ሲበዛ የሴሮቶኒን ሕዋሳት ይሰሙታል፤ ጥሩምባው ይነፋል። ጤነኛ ሕፃን መጀመሪያ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ ከዚያ አንገቱን ያዞራል፣ ካልሆነለት ነቅቶ ያለቅሳል። እናቱ የምትነቃው በዚያ ለቅሶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአይጦች ላይ በተደረገ ጥናት፣ የሴሮቶኒን ሕዋሳት የሌሏቸው አይጦች የተቃጠለ አየር ሲበዛባቸው ከእንቅልፋቸው አልነቁም። ጥሩምባ በሌለበት መንደር ለቅሶ መኖሩን ማን ይሰማል?

አሁን ለአክስቴ ልነግራት የምመኘውን ልንገራችሁ። ቦስተን ከተማ ባለ የሕፃናት ሆስፒታል ሃና ኪኒ የምትባል ሐኪም ስትሠራ ቆይታለች። ለብዙ ዓመታት የመረመረችው፣ ጤነኛ ሆነው ተኝተው ሳይነቁ የቀሩ ሕፃናትን የአንጎል ግንድ ነው። ይህ ሞት በሕክምና ድንገተኛ የሕፃናት ሞት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2006 ከባልደረቦቿ ጋር ያሳተመችው ጥናት፣ በእንዲህ ያለ ሞት በሞቱ 31 ሕፃናት አንጎል ግንድ ውስጥ «አንድ ኤ» ተቀባዮች ማነሳቸውን አሳየ። በ2010 የወጣው ደግሞ ሴሮቶኒኑ ራሱ በ26 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሎ መገኘቱን አሳየ። በ2023 ቡድኑ የሚቀሰቅሱት የ«ሁለት» ቤተሰብ ተቀባዮችም የተዛቡ መሆናቸውን አሳተመ። ጥሩምባው ደክሟል፣ ጆሮዎቹም ከብደዋል ማለት ነው። ሕፃኑ ከውጭ ሲያዩት ደኅና ነው፤ ይጠባል፣ ይስቃል። ድካሙ በእንቅልፍ ላይ ብቻ የሚገለጥ የውስጥ ድካም ነው። እናት በዓይኗ ልታየው የምትችለው ነገር አይደለም።

ሃና ኪኒና ባልደረቦቿ ይህ ሞት የሚመጣው ሦስት ነገሮች ሲገጣጠሙ ነው ይላሉ። አንደኛው ያ የውስጥ ድካም ነው። ሁለተኛው ዕድሜ ነው፤ አብዛኛው የሚደርሰው ከ6 ወር በፊት ነው፣ ይበልጡንም በ2ኛውና በ4ኛው ወር መካከል። ሦስተኛው ከውጭ የሚመጣ ጫና ነው፤ በሆድ መተኛት፣ የተሸፈነ ፊት፣ ሙቀት፣ ጭስ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በእጃችን አይደሉም። ሦስተኛው ግን በእጃችን ነው።

ይህም ተፈትኖ የታየ ነገር ነው። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሐኪሞች ራሳቸው «ሕፃናትን በሆዳቸው አስተኙ» ይሉ ነበር፤ ተሳስተው ነበር። ስሕተቱ ሲታወቅ፣ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምረው «በጀርባው አስተኙት» የሚል ዘመቻ አካሄዱ። ድንገተኛ የሕፃናት ሞት ከግማሽ በላይ ቀነሰ። መድኃኒት አልተገዛም፣ ማሽን አልመጣም፤ የተለወጠው አተኛኘቱ ብቻ ነው።

ታዲያ በእኛ ቤት ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ሕፃኑን ሁልጊዜ በጀርባው አስተኙት። ቀንም ሆነ ሌሊት። በጎን ማስተኛት አይበቃም፤ ተገልብጦ በሆዱ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ፊቱን አትሸፍኑ። ምች እንዳይመታው፣ ዓይን እንዳይበላው ብለን በነጠላና በጋቢ እንደምንሸፍነው አውቃለሁ። ስትወጡ ከነፋስና ከፀሐይ መከለል ደግ ነው፤ ሲተኛ ግን አፍንጫውና አፉ ይታዩ። እንግዳ የሚበዛበትና መሸፈን የሚበዛበት ቀን ደግሞ የክርስትና ቀን ነው። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣበት 80ኛው ቀን፣ አደጋው ከፍ በሚልበት ወራት ውስጥ እንደሚወድቅ አስተውሉ።

ሦስተኛ፣ የሚተኛበት ቦታ ለስላሳ አይሁን። ጠጉራም አጎዛ፣ ትራስ፣ የተቆለለ ቡሉኮ ፊቱን ይውጠዋል። መደብ ላይ ተዘርግቶ የተወጠረ ጨርቅ ይሻለዋል።

አራተኛ፣ ከእናቱ አይራቅ፤ ግን የራሱ ቦታ ይኑረው። እጅ የሚደርስበት ቦታ፣ አጠገብ፣ በሌላ መኝታ። ማታ ጠላ ወይም አረቄ የቀመሰ ሰው፣ እናትም ሆነች አባት፣ ከሕፃን ጋር አንድ መኝታ ላይ አይተኛ። በዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም።

አምስተኛ፣ ጡት። ቢያንስ 2 ወር የጠባ ሕፃን በዚህ ሞት የመሞት ዕድሉ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

ስድስተኛ፣ ጭስና ከሰል። ቢቸናም ሞጣም ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያሉ ደጋ ናቸው፤ የጮቄም ብርድ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የኮሎራዶ፣ አሜሪካ፣ ጥናት ከ2,400 ሜትር በላይ በሚኖሩ ሕፃናት ላይ ድንገተኛ ሞት ከእጥፍ በላይ እንደሚበዛ አሳይቷል። ይህን ስትሰሙ አትደንግጡ፤ የኮሎራዶ ሰው ለደጋ እንግዳ ነው፣ እኛ ግን ከጥንት የኖርንበት ነን። በ2002 የታተመው የሲንቲያ ቢል ጥናት፣ ሰሜን ተራራ ላይ 3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ወገኖቻችን በደማቸው ያለው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው እንደማይለይ አግኝቷል። ልንጠነቀቅለት የሚገባው ለብርዱ ብለን የምናደርገው ነው። በሩን ዘግተን፣ ከሰል አቀጣጥለን እንተኛለን። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ያ የነገርኋችሁ ጥሩምባ የሚነፋው ለተቃጠለ አየር ነው፤ ለዚህኛው መርዝ አይነፋም። ሕፃንም ሆነ አዋቂ ሳይነቃ የሚቀረው ለዚህ ነው። ከሰሉ ከመኝታ በፊት ይውጣ። ኩበትና ባሕር ዛፍ የምታነዱም፣ ማጀቱ ከመኝታው ቢለይ፣ ቢያንስ ጭስ መውጫ ቢኖረው።

ሰባተኛ፣ ትራማዶል። የወገብ ሕመም ሲጠናባችሁ ከጎረቤት ተቀብላችሁ አትዋጡት። የምታጠባ እናት ከወሰደችው ወደ ጡት አልፎ የሕፃኑን ትንፋሽ ሊያደክም ይችላል። ለድብርት ሕመም ፍሎክሰቲን የምትወስድ እናት ከትራማዶል ጋር ከደረበችው፣ ሴሮቶኒኑ ከልክ በላይ ሆኖ ልቧ ይመታል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ያልባታል፣ ትቃዣለች። ይህ ሲሆን ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ሐኪም ያዘዘላችሁን የድብርት መድኃኒት ግን በእኔ ንግግር ፈርታችሁ እንዳታቋርጡ፤ ጠይቁ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል።

ሳልነግራችሁ የማላልፈው አንድ ነገር አለ። ሕፃን ሁሉ የሚሞተው በዚህ ምክንያት አይደለም። በአገራችን ብዙውን የሚወስዱት ያለ ጊዜ መወለድ፣ በወሊድ ጊዜ መታፈን፣ የሳንባ ምችና ሌላ ኢንፌክሽን ናቸው። ከ2 ወር በታች ያለ ሕፃን ረጋ ብሎ ሳለ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ጡት እምቢ ካለ፣ ቀን አትቁጠሩ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው።

ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ደግሞ የአንጎል ግንዱ ገና ስላልበሰለ ትንፋሹን ይረሳዋል። ለእርሱ ከሁሉ የሚቀርበው የእናቱ ደረት ነው። እርቃኑን ከእናቱ ደረት ጋር ራሱን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ አስሮ ማቆየት የካንጋሮ እንክብካቤ ይባላል። ሙቀቱን ይጠብቃል፣ ልቡንና ትንፋሹን ያረጋጋል። ዶክተር ቦጋለ ወርቁና አሳዬ ካሴ አዲስ አበባ ላይ ከ2 ኪሎ በታች በሚመዝኑ ሕፃናት ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። በተለመደው እንክብካቤ ከቆዩት 38 በመቶው ሲሞቱ፣ ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ በእናታቸው ደረት ከታቀፉት የሞቱት 22.5 በመቶ ነበሩ። በሆዱ ተኝቶ አይደለም ወይ? እንዳትሉኝ፤ እናትየው ቀና ብላ ተቀምጣ ወይም ተደግፋ፣ የሕፃኑ ፊት ወደ ጎን ዞሮ፣ አፍንጫው እየታያት ነው የምታቅፈው።

እህቶቼ፣ ልጨርስ ነው።

የአክስቴን ልጅ አንጎል የመረመረ ሐኪም የለም። ስለዚህ በምን እንደሞተች አልነግራችሁም። የማውቀው ግን ይህን ነው፤ ያን ሌሊት «ተጫነቻት» ያሉትም አያውቁም ነበር። ሳያውቁ የፈረዱት ፍርድ አክስቴን ዕድሜዋን ሙሉ አሰራት። ከእንግዲህ በእኛ መንደር ልጇ ተኝቶ ሳይነቃ የቀረባትን እናት ስናጽናና «ምን አድርገሽው ነው?» አንበል። ሄደን አብረናት እንቀመጥ። እህል ውኃ ይዘን እንሂድ። ሌላ ልጅ ስትወልድ ደግሞ ቀድመን ደርሰን አተኛኘቱን እናሳያት።

ለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ከአባሎቻችን የምጠይቀው፣ እያንዳንዱ የቁጠባ ቡድን ከአባላቱ መካከል አራስ ባለች ጊዜ ሁለት ሴቶች እንዲመድብ ነው። በአሥር ቀኗና በአርባ ቀኗ ይጠይቋት። ገንፎውን ይዘው ይግቡ፤ ሕፃኑ የት እንደሚተኛ፣ ፊቱ መሸፈን አለመሸፈኑን፣ ከሰሉ የት እንዳለ በዓይናቸው ይዩ። ያዩትን ለቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይንገሩ። ከወዳጆቻችን የምጠይቀው ደግሞ ትልቅ ነገር አይደለም። ለአራስ ቤት የሚሆን ጠንካራ የሕፃን ፍራሽና፣ ማጀትን ከመኝታ ለመለየት ለሚፈልጉ አባላት የሚሆን አነስተኛ ብድር እንዲኖረን እርዱን። ብድሩን ተበድረን መመለስ እንደምናውቅበት መዝገባችን ይመሰክራል።

ዛሬ ማታ ወደየቤታችሁ ስትገቡ፣ ሕፃን ያላችሁ፣ ከመተኛታችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ እዩት። በጀርባው ይሁን፣ ፊቱ ይታይ፣ አጠገባችሁ ይሁን። የቀረውን ጥበቃ ያ ከማጅራቱ በላይ ያለው ትንሽ ግንድ ይሠራዋል። እኛ ሥራውን አናክብድበት።

 ጥያቄ ያላችሁ ቡናው እስኪፈላ እዚሁ ነኝ።